አሮጌ የእንፋሎት ጀልባ ሞዴል ስታድሱ የቱን ትመርጣላችሁ? ቦይለር፣ ሞተር፣ ነዳጅና ፍተሻ ለደብረ ብርሃን ሰው

አሮጌ የእንፋሎት ጀልባ ሞዴል እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚነካካው ሞተሩን ነው። ፒስተኑ ይሄዳል? ፍላይዊሉ (ከባዱ ጎማው) ይዞራል? ደስ የሚለውም እሱ ነውና አይፈረድበትም። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ባይ ነኝ። ቀድሞ የሚመረመረው ቦይለሩ፣ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ዕቃ ነው። ሞተር ቢበላሽ ቢበዛ አይዞርም። ቦይለር ቢበላሽ ግን ሰው ያቃጥላል። ገንዘባችሁን የት እንደምታወጡ የሚወስነውም የቦይለሩ ሁኔታ ነው።

ጀልባው ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው ይሆናል። ከምናለሽ ተራ የተገዛ ወይም ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ መደርደሪያ የወረደም ሊሆን ይችላል። ከየትም ይምጣ፣ ፊታችሁ የሚደቀኑት ምርጫዎች ተመሳሳይ ናቸው። ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ከፍታው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩም ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። አውሮፓ ውስጥ የተሠራ መመሪያ ይህን አያውቅም።

ቦይለሩን ማጽዳት፣ መጠገን ወይስ አዲስ ማሠራት?

ከመወሰናችሁ በፊት በደንብ እዩት። ማግኔት አስጠጉ። ከያዘ ብረት ነው፤ ብረት ከሆነ ውስጡ ዝጎ ሊሆን ይችላል፤ በቀዳዳው በባትሪ መብራት ተመልከቱ። ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው። ናስ ላይ ሮዝ መሰል ነጠብጣቦች ካያችሁ ተጠንቀቁ። ዚንኩ ከናሱ ውስጥ ታጥቦ ወጥቶ የቀረው ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ነው። ያ ቦታ በውጭ ደህና ይመስላል እንጂ ጥንካሬ የለውም። ሮዝ የሆነ የናስ ቦይለር አይጠገንም። መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ማያያዣውን እዩ። በቢላ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ጫሩት። ግራጫና ለስላሳ ሆኖ በቀላሉ ከተጫረ የቆርቆሮና የእርሳስ ሊድ ነው፤ ሬድዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ጠንካራና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ከሆነ የብር ብየዳ ነው። ይህች ትንሽ ጭረት ቀሪውን ሥራ ሁሉ ትወስናለች።

ቦይለሩ ዙሪያ ነጭ ጭረታማ ሽፋን ተጠቅልሎ ካገኛችሁ ደግሞ አትፋቁት። አሮጌዎቹ ላይ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፤ ብናኙ ሳንባን ይጎዳል። ውሃ አርከፍክፋችሁ፣ እርጥብ እንዳለ አንሥታችሁ፣ በፌስታል አሥራችሁ አስወግዱት።

ሦስቱ አማራጮች በዋጋም በአደጋም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ማጽዳት ብቻ ነው። ውስጡ ነጭ ድንጋይ መሰል ቅርፊት ይዞ፣ አካሉ ግን ጤነኛ ከሆነ ይሄ ይበቃል። የሎሚ አሲድ ዱቄት በሞቀ ውሃ በጥብጣችሁ አሳድሩበት። ዱቄቱ ካልተገኘ አቼቶም ይሠራል፤ ግን ይዘገያል። ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ፣ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። የመኪና ባትሪ አሲድ ይሻላል የሚላችሁን አትስሙ። ለቀጭን ናስና ለሊድ መገጣጠሚያ በጣም ኃይለኛ ነው፤ ለዓይናችሁም እንዲሁ።

ሁለተኛው መጠገን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሊድ የተያያዘ ቦይለር በአንድ ቦታ ቢያንጠባጥብ፣ ያንን ቦታ ብቻ በጠንካራው በብር ብየዳ እንሥራው የሚል ሐሳብ ይመጣል። አይሆንም። ባለ 60/40 ሊድ (60 በመቶ ቆርቆሮ፣ 40 በመቶ እርሳስ) በ183 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል። የብር ብየዳ ግን ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ያንን ሙቀት ስትሰጡት የቀረው ሊድ ሁሉ ይፈስሳል፤ ከመዳቡ ጋር ተቀላቅሎም አዲሱን ብየዳ ያበላሸዋል። ስለዚህ ሊድን በሊድ ብቻ ጠግኑ። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አጽዱ፣ ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳውን ፍላክስ ቀቡ፣ ሙቀቱን ከሩቅ ስጡ። ኢፖክሲ ማጣበቂያ ግን እንፋሎት በሚይዝ አካል ላይ በምንም መልኩ አይግባ።

በሊድ የተያያዘ ቦይለር መጥፎ ነው ማለት አይደለም። እንደ ማሞድና ዊሌስኮ ያሉ የአሻንጉሊት ሞተሮች የሚሠሩበት ግፊት ዝቅተኛ ነው። የዊሌስኮ ቦይለሮች ለምሳሌ በ1.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ነው የሚሠሩት። በዚህ ግፊት ውስጥ ያለው እንፋሎት 125 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ183 በቂ ርቀት አለው። አደጋው የሚመጣው ውሃው ሲያልቅ ነው። ያኔ ብረቱን የሚያቀዘቅዘው ነገር ይጠፋል፤ እሳቱም ሊዱን ያገኘዋል።

ሦስተኛው አዲስ ማሠራት ነው። ከመዳብ ቱቦ፣ በብር ብየዳ። ውድ ነው፤ ግን ለጀልባ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። አንድ 75 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቱቦ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ለ2 ባር ከበቂ በላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ቱቦው ነው፤ ደካማው ክፍል ግን ጠፍጣፋው ጫፍ ነው። ጠፍጣፋ ነገር በግፊት ወደ ውጭ መነፋት ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች በውስጥ የሚያያይዝ የነሐስ (ብሮንዝ) ወይም የመዳብ ዘንግ ይግባበት፤ ወይም በመሀል የሚያልፍ የእሳት ቱቦ ይኑረው፤ እሱም ጫፎቹን ይይዛል። ቫልቭና ጌጅ (የግፊት መለኪያው) የሚገቡባቸው ጥርስ የወጣላቸው ቀለበቶች ከናስ ሳይሆን ከነሐስ ይሠሩ። ምክንያቱ ያው ሮዝ ነጠብጣቡ ነው።

ማን ይሠራዋል? ቀለበቶቹን ደብረ ብርሃን ያለ ቶርኖ ቤት ይሠራል። ብየዳው ላይ ግን መራጭ ሁኑ። ጋራዥ ያለው የኦክስጅን ብየዳ ነበልባሉ ጠባብ ነው። አንዱን ቦታ ያቀልጣል፤ ሌላው ገና ቀዝቃዛ ነው። የመዳብ ቦይለር ሲበየድ መላ አካሉ አንድ ላይ መጋል አለበት። ሰፊ ነበልባል ያለው የጋዝ ችቦና ሙቀት እንዳይባክን በዙሪያው የሚደረደር ሸክላ ጡብ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ብየዳ ጭራሽ አይታሰብም። የፍሪጅ ጠጋኞች የመዳብ ቱቦ ማያያዝ በደንብ ያውቃሉ፤ የብየዳ ዘንጋቸው ግን ብዙ ጊዜ ፎስፈረስ ያለበት ነው። መዳብን ከመዳብ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ ብረት ላይ ግን ይሰባበራል። የምታሠሩት ክፍል ምን ከምን ጋር እንደሚያያዝ ቀድማችሁ ንገሯቸው። አሮጌ የብር ዘንግ ካገኛችሁ ደግሞ ካድሚየም ሊኖረው ይችላል። ጭሱ መርዝ ስለሆነ ባትጠቀሙበት ይሻላል።

የኔ ምክር ይሄ ነው። ቦይለሩ ጤነኛ የሊድ ቦይለር ከሆነ አጽዱትና በዝቅተኛ ግፊት ተጠቀሙበት። አንድ ቦታ ብቻ የሚያንጠባጥብ ከሆነ በሊድ ጠግኑት። ከተነፋ፣ ከሮዘ ወይም ውስጡ ከዛገ አዲስ አሠሩ። ጀልባው የቤተሰብ ቅርስ ከሆነ አሮጌውን ቦይለር አትጣሉት። አዲሱን ጀልባው ላይ ግጠሙ፣ አሮጌውን በክብር አስቀምጡ።

ሞተሩ፦ የሚወዛወዝ ሲሊንደር ወይስ ባለ ስላይድ ቫልቭ?

እዚህ ብዙ አልቆይም፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ራሱ ጀልባው ይዞት የመጣው ነው።

የሚወዛወዘው ዓይነት ሲሊንደሩ ራሱ ግራና ቀኝ እየተንቀሳቀሰ የእንፋሎቱን ቀዳዳ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። ጥገናውም ቤት ውስጥ ይቻላል። ሲሊንደሩና መቆሚያው የሚነካኩበትን ገጽ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግታችሁ፣ በዘይት እያሻሻችሁ አስተካክሉት። የሚይዘው ሞላ ከደከመ ቀይሩት። ድክመቱ እንፋሎት አባካኝነቱ ነው። ግፊቱ ከፍ ሲል ደግሞ ሲሊንደሩ ከገጹ ይነሣና ያፈስሳል። ሞላውን በጣም አጥብቆ ይህን ማስቀረት አይቻልም፤ ሞተሩ ራሱ ይታሰራል።

ስላይድ ቫልቭ ያለው፣ ማለትም ሲሊንደሩ ቆሞ ተንሸራታች ክዳን እንፋሎቱን የሚከፍትና የሚዘጋለት፣ ለምሳሌ ሲሊንደሩ 19 ሚሊሜትር የሆነው ስቱዋርት 10ቪ፣ ቆጣቢ ነው፤ ከፍ ያለ ግፊትም ይችላል። ግን የቫልቭ ጊዜውን ማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል። የዘንጉ ማሸጊያም መቀየር አለበት። ለጀማሪ የሚወዛወዘውን እመርጣለሁ። ረጅም ጊዜ ኩሬ ላይ እንዲቆይ ለሚፈልግ ሰው ስላይድ ቫልቩ ይሻላል።

ሁለቱም ላይ ዘይት ወሳኝ ነው። ለእንፋሎት ሲሊንደር የተሠራ ወፍራም ዘይት ፈልጉ። የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ብቻ አትምረጡት። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው የሰልፈር ተጨማሪ ነሐስና መዳብን ይበላል።

ሞተሩን ለብቻው ለመፈተሽ እንፋሎት አያስፈልግም። አየር ይበቃል። ጌጅ ያለው የብስክሌት መንፊያ አያይዛችሁ በ1 ባር ገደማ አዙሩት። ወደ ጎሚስታ ከወሰዳችሁት ግፊቱን መቀነሻ ይኑር። የኮምፕረሰሩን ሙሉ ግፊት ለዚህች ትንሽ ሞተር መስጠት ማጥፋት ነው። በአየር የሚፈተሸው ሞተሩ ብቻ መሆኑንም አትርሱ። ቦይለር በአየር አይፈተሽም። ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ።

ነዳጁ፦ ስፒሪት፣ ጋዝ ወይስ ጠጣር ታብሌት?

ከፍታችንና ብርዳችን በግልጽ የሚታዩት እዚህ ላይ ነው።

ስፒሪት ቀላልና ርካሽ ነው። ምድጃው ክር ያለው ትንሽ ጣሳ ነው። ችግሩ እኛ ጋ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ሲሶው ገደማ ውሃ ነው። ይነዳል፤ ግን ሙቀቱ ደካማ ነው። ሳኒታይዘር ውስጥ ግሊሰሪን ስላለ ክሩን ይደፍናል። አረቄማ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያም በላይ ውሃ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን የኬሚካል መደብር ውስጥ ጠይቁ። ለማቃጠያ የተዘጋጀው ሜታኖል ሊኖረው ስለሚችል ከልጆች ይራቅ። የስፒሪት ነበልባል በፀሐይ ብርሃን አይታይም፤ ይህ ትልቁ አደጋው ነው። ጠፍቷል ብሎ መጨመር ጠርሙሱን እጅ ላይ ያቀጣጥላል። ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ሳትጠብቁ አትጨምሩ።

ጋዝ ሙቀቱ ጥሩ ነው፤ ከፍና ዝቅ ማድረግም ይቻላል። በሞዴል ጀልባ የሚገባው ቢውቴን ነው፤ የላይተር ጋዝ ብለን የምንገዛው። ግን ቢውቴን ብርድ አይወድም። የሚፈላው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ጠዋት ውርጭ ሲሆን ጋዙ ከታንኩ አልወጣ ይላል። ሲነድድም ራሱን እያቀዘቀዘ ይዳከማል። መፍትሔው ፀሐይ እስኪሞቅ መጠበቅ ወይም ታንኩን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ነው፤ በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይሆንም።

ከቤት ቡታጋዝ ሲሊንደር ወደ ትንሿ ታንክ መሙላትን የሚያስብ አለ። አታድርጉት። የማብሰያ ጋዝ ፕሮፔን ሊኖረው ይችላል። ፕሮፔን በ20 ዲግሪ የሚፈጥረው ግፊት ከቢውቴን አራት እጥፍ ገደማ ነው። ትንሿ የጋዝ ታንክ ለዚያ አልተሠራችም።

ከፍታው ደግሞ ጋዙን በሌላ መንገድ ይነካዋል። አየሩ ስለሳሳ ነበልባሉ በቂ ኦክስጅን አያገኝም። ሰማያዊ መሆን የሚገባው ጫፉ ቢጫ ይሆናል፤ ቦይለሩም ጥላሸት ይለብሳል። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጉ። ያ ካልበቃ አፍንጫውን አነስ ባለ ቀይሩ። ይህን አስተካክላችሁ ጣርማበርን ተሻግራችሁ ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ግን እንደገና ማስተካከል አለባችሁ። ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃው በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አየሩም ወፈር ይላል።

ጠጣር ታብሌቱ፣ እንደ ኪኒን የተጠፈጠፈው ነዳጅ፣ ንጹሕና ለመለካት የሚመች ነው። ጭሱ ግን ይከብዳል፤ ቤት ውስጥ አይነድድም። እዚህ ለማግኘትም ያስቸግራል። ዘመድ ካላመጣላችሁ በእሱ ላይ አትመኩ። ላምባ በክር ሲነድድ ጥላሸቱ አያሠራም፤ ለትንሽ ጀልባ አልመክረውም።

በአንድ ነገር ስፒሪትና ታብሌት ከጋዝ ይበልጣሉ፤ መጠናቸው ይለካል። የእንፋሎት ጀልባ ትልቁ ሕግ እሳቱ ከውሃው ቀድሞ ማለቅ አለበት የሚለው ነው። ጀልባው ኩሬ መሀል ሳለ ውሃውን ማየት አትችሉም። ስፒሪት ከሆነ ግን ጠረጴዛ ላይ ሞክራችሁ፣ እሳቱ ሲጠፋ ቦይለሩ ውስጥ የቀረውን ውሃ ለክታችሁ፣ መጠኑን መወሰን ትችላላችሁ። ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ውሃ ይቅር። ለዚህ ነው ለደብረ ብርሃን ጀማሪ ስፒሪትን የምመርጠው። ብርዱን ይችላል፣ ይለካል፣ ይገኛል። ሬድዮ መቆጣጠሪያ ያለውና የውሃ መጠን የሚያሳይ መስታወት ያለው ትልቅ ጀልባ ካላችሁ ግን ጋዝ ይሻላል።

ውሃውን በተመለከተ፣ ክረምት ላይ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃ አጣርቶ መጠቀም ጥሩ ነው፤ ቅርፊት አይተውም። የባትሪ ውሃም ይሆናል። ስትገዙ ግን ጽሑፉን አንብቡ፤ የባትሪ አሲድ በተመሳሳይ ጠርሙስ ሊሸጥ ይችላል።

ፍተሻው፦ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ በእንፋሎት

አንዳንዱ ሰው ቦይለሩን በአየር ነፍቶ ሳፋ ውስጥ ይነክረዋል፤ ጎሚስታ ከመነዳሪ እንደሚያደርገው። ፍንጣቂ ያሳያል፤ ግን አደገኛ ነው። አየር ሲታመቅ ጉልበት ያከማቻል። ቦይለሩ ቢሰነጠቅ ያ ጉልበት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ውሃ ግን አይታመቅም ማለት ይቻላል። በውሃ የተሞላ ቦይለር ቢሰነጠቅ ጥቂት ጠብታ ያፈስሳል፤ ግፊቱም ወዲያው ይወድቃል። በቀጥታ እሳት አንድዶ መሞከር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሴፍቲ ቫልቩን (ግፊት ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ እንፋሎት የሚያስወጣውን) አውጥታችሁ ቀዳዳውን በቡሎን ድፈኑ። ቦይለሩን እስከ አፉ በውሃ ሙሉት፤ እያዘነበላችሁ አየሩን ሁሉ አስወጡ። ግፊት ለመስጠት የቧንቧ ሠራተኞች መስመር የሚፈትሹበት የእጅ ፓምፕ ከሁሉ ይመቻል። ጌጃችሁን አስቀድማችሁ ከሌላ ጌጅ ጋር አስተያዩት። ጎሚስታ ቤት ያለው በፒኤስአይ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። የአሮጌ ቦይለር ጌጅ መዋሸት ልማዱ ነው።

አዲስ ቦይለር ወይም አዲስ ብየዳ ያለው በሥራ ግፊቱ ሁለት እጥፍ ይፈተሻል። ቀድሞ ተፈትሾ ሲሠራ የቆየ አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃዋል። ታሪኩን የማታውቁት አሮጌ ቦይለር ከሆነ ዝቅ ያለ የሥራ ግፊት መድቡለትና እንደ አዲስ ቁጠሩት። ግፊቱን በአንድ ጊዜ አትስጡ፤ በየደረጃው እያቆማችሁ ጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ያዙት። ከመጀመራችሁ በፊትና ከጨረሳችሁ በኋላ ጠፍጣፋዎቹ ጫፎች ላይ ማስመሪያ አስደግፉ። ግፊቱ ከወረደ በኋላም የተነፋው ካልተመለሰ ቦይለሩ ወድቋል። ጠብታ ከሆነ ይጠገናል፣ እንደገናም ይፈተሻል።

ይህን ያለፈ ቦይለር ወደ እንፋሎት ፍተሻ ይሄዳል፤ ከቤት ውጭ፣ ሰው ሳይከበው፣ መነጽር አድርጋችሁ። የሚፈተሸው ሴፍቲ ቫልቩ ነው። የሞተሩን መስመር ዝጉ፣ እሳቱን ሙሉ አድርጉት። ቫልቩ በሥራ ግፊቱ ላይ መከፈት አለበት። ከተከፈተ በኋላም እሳቱ ሙሉ እንዳለ ግፊቱ ከሥራ ግፊቱ ከ10 በመቶ በላይ መውጣት የለበትም። ከወጣ ቫልቩ ጠባብ ነው፤ ይቀየር። አሮጌ ቫልቭን ከማደስ አዲስ መግዛትን እመርጣለሁ፤ ሞላው ይደክማል፣ ኳሱም ይጣበቃል።

ደጋ ላይ ስለሆንን የቫልቩን ሞላ እናጥብቅ የሚል ሐሳብም አለ። አያስፈልግም። ቫልቩም ጌጁም የሚለኩት በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። 1.5 ባር የሚለው ደብረ ብርሃንም ሮቢትም 1.5 ነው።

ጥርጣሬ ከገባችሁ ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ከተማ ናት። በየፋብሪካው ቦይለር የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች አሉ። መጠኑ ይለያይ እንጂ የሴፍቲ ቫልቭና የውሃ ደረጃ ጉዳይ የዕለት እንጀራቸው ነው። አንዱን ጠይቃችሁ ፍተሻው ላይ አብሯችሁ ቢቆም ጥሩ ዓይን ታገኛላችሁ። የፍተሻውን ቀን፣ ግፊቱንና ውጤቱን ደብተር ላይ ጻፉ፤ በየዓመቱም ድገሙት።

ለመጀመሪያ ጉዞ ነፋስ የሌለበት ትንሽ የመስኖ ኩሬ ምረጡ፤ ጀልባውንም በቀጭን ገመድ አሥራችሁ ልቀቁት። በረሳ ወንዝ ላይ፣ በተለይ ክረምት፣ አትሞክሩ፤ የሚፈስ ውሃ ትንሽ ጀልባን አይመልስም። ከጨረሳችሁ በኋላ ግፊቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ጠብቁና ቦይለሩ ገና ለብ እንዳለ ውሃውን አፍስሱ፤ የቀረው እርጥበት በራሱ ሙቀት ይደርቃል። ሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ በእጅ አዙሩት። በበጋው ውርጭ ወራት ውሃ ያለበት ቦይለር ውጭ አታሳድሩ፤ በረዶ ሲሆን ይሰፋና መገጣጠሚያውን ይከፍተዋል። እንዲህ ያደረ ቦይለር ካለ ደግሞ እሳት ከማየቱ በፊት ተመልሶ ቀዝቃዛ ውሃው ፍተሻ ላይ ይግባ።